አመለወርቅ

ሐሙስ ማታ አዳማ፣ ፍራንኮ ጭር ይላል፤
ባጃጁ ጥግ ይይዛል፣ አቧራ ብቻ ያልፋል፤
የኦብሴ ጸጉር ቤት ወንበር አይበቃትም፣
ካስክ ስር ያለችም ዓይኗን አትነቅልም።
«በእውነት የሆነ ነው» ይላል በቀይ ጽፎ፣
«ስም ተቀይሯል» ሲል ከግርጌ አጣጥፎ።

ከዚያ እሷ ትመጣለች፣
ቁልፍ በጣቷ ላይ እያሽከረከረች።
ልጅቷ በጠፋች ገና በሦስት ቀኗ
ከበሯ ትቆማለች፣ እንባ የለው ዓይኗ፦
«የዚህ ወር ኪራይስ? ከማን ልቀበል?»
ስሟ አመለወርቅ። እንዴት ያለ አመል!

ያኔ ነው እርግማን እንደ ዶፍ የሚወርድ፤
አንዷ «ጥርሷ ይርገፍ»፣ አንዷ «ትንደድ፣ ትንደድ»፤
ቶለሳ፣ ባጃጁን አቁሞ በመስኮት የሚያይ፣
«ገመዱን እኔ እገዛለሁ፤ ትሰቀል ባደባባይ!»

ገዳዩን ግን ማንም ክፉ አይናገረው፤
ጉንጩ ስርጉድ አለ፣ ማልቀስ አማረው።
«እናቱ ጥላው ነው፣ ፍቅርም አሳብዶት»
ትላለች ኦብሴ፣ እንባ እየቀደማት።
ሟቿ ማን ትባላለች? ጠይቁ። አራት ሳምንት
አየናት፤ ስሟን የያዘ የለም ከቤት።

ከሐሙስ እስከ ሐሙስ ስሟ ስድብ ሆኗል፤
መልስ የቆረጠ ሁሉ «አመለወርቅ» ይባላል፤
ጎረቤት ጄሪካን የነፈገች ዕለት
ልጆች አጥር መትተው ይጠሯታል በዚያች ሴት።
ተዋናይቷ ደግሞ፣ ለሰርግ ብላ መጥታ፣
ቅዳሜ ገበያ፣ ጥላዋን ዘርግታ፣
ቲማቲም መርጣ መርጣ ሚዛን ላይ ብታኖር፣
«ላንቺ አልሸጥም፤ ሂጂ፣ ኪራይሽን ቁጠር!»
ሳቀች አሉ መጀመሪያ።
ከዚያ ሳቋ ፊቷ ላይ ደረቀ፣ እንደ ጭቃ።

እኔም እሰድባለሁ።
ራሴ በቢጉዲን ተጠቅልሎ፣
ከሁሉም ድምፄን ከፍ አድርጌ እሰድባለሁ።
ግቢውን አውቀው የለ።

ስምንት በር ነበረው፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ቆጣሪ።
ስምንት ተዋናይ ውድ ነው መሰል፣ ደራሲው ቆጥቦ፣
ስምንታችንን አቅልጦ፣ ከአንድ ነጠላ ስር ሰብስቦ፣
አንዲት ሴት አደረገን።

ኪራይ የጠየቁት ጋሽ ወልደየስ ናቸው፤
አምና ሲቀበሩ ስንት ሰው ሸኛቸው!
«ማታ ማታ ነው የምትገባው፤ ማን ያውቃል ከማን ጋር» ያለችው
ዘነቡ ናት፤ ማንም ሳይጠይቃት፣ የፖሊስ እጅጌ ይዛ።
ሸምሲያ ለልጅቷ ያዋሰቻትን ብረት ድስት
መርማሪ ሳይደርስ ገብታ አወጣችው።
የራሷ ነው፤ ማን ይከለክላታል?
ብቻ ውስጡ ገና ምስር ነበር።
መምህር ኢተፋ በሩን ገርበብ አድርጎ
«እኔ እዚህ አላድርም» አለ፤
ካልሲው ገመዱ ላይ ይንጠባጠባል።

በሦስተኛው ክፍል አመለወርቅ ተኝታለች።
ግድግዳው ይመታል። ሦስት ጊዜ ይመታል።
እጇን ትዘረጋና
ራዲዮኑን ከፍ ታደርጋለች።

ይህን ለማንም አልነገርኩም።
ለንስሐ አባቴም።
ደራሲው ከየት አመጣው?
ወይስ እሱም፣ የሆነ ከተማ፣ የሆነ ሌሊት፣
የሚያውቀው ግድግዳ አለው?

ብርቄ ነበር ስሟ። ካውያዬን ትዋስ ነበር፤
ስትመልስ ገመዱን ጠቅልላ፣ ብረቱን ወልውላ።

«ሁለት ነበር» አልኩ።
«እ?» አለች ኦብሴ። ካስኩ ይጮሃል፣ ሴቶቹ ይራገማሉ፣
አመለወርቅ ቁልፏን ትቆጥራለች።
«ሦስት አይደለም፣ ሁለት…»
«ምን አልሽ የኔ እናት?»
«ካስኩ» አልኩ፣ «አቃጠለኝ።»

ዝቅ አደረገችልኝ።